የኮምፒዩተር ራዲያተር

የኮምፒዩተር ራዲያተር በውሃ በሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር ውስጥ ውሃው ከፕሮሰሰርና ከግራፊክስ ካርድ የወሰደውን ሙቀት ወደ አየር የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። አሠራሩ ከመኪና ራዲያተር ጋር አንድ ነው፦ የሞቀው ውሃ በጠፍጣፋ ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፣ በቱቦዎቹ መካከል ያሉት ስስ የብረት ክንፎች ሙቀቱን ይቀበላሉ፣ ፋኑም በክንፎቹ መካከል አየር ያሳልፋል። ውሃው ሙቀቱን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ራዲያተሩ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 32 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ፣ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲሆን ወደ 47 ይወጣል።

መጠን

ራዲያተሮች የሚጠሩት በሚሸከሟቸው ፋኖች ስፋት ድምር ነው። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የሚይዙት 120፣ 240 እና 360፣ ባለ 140 የሚይዙት ደግሞ 140፣ 280 እና 420 ይባላሉ። አጠራሩ ግን ርዝመትን ብቻ ስለሚገልጽ ያሳስታል። 240 እና 280 ሁለቱም ሁለት ፋን ይይዛሉ፤ ሆኖም በፋን የሚሸፈነው የመጀመሪያው ፊት 28,800፣ የሁለተኛው 39,200 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከሲሶ በላይ ስለሆነ፣ ኬዙ የሚችለው ከሆነ 280 ብዙውን ጊዜ የተሻለ ግዢ ነው።

የሚበቃው መጠን የሚታወቀው ከሚወጣው ሙቀት ነው። ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ ፕሮሰሰር እስከ 253 ዋት፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብዙ ገጣጣሚዎች ለየ100 እስከ 150 ዋቱ አንድ ባለ 120 ክፍል ይመድባሉ። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ፋኑ በፍጥነት ከዞረ ትንሽ ራዲያተርም ሊሠራ ይችላል፣ ዋጋው ጩኸት ነው።

ውፍረት ከ30 ሚሊሜትር ገደማ እስከ 60 ይደርሳል። አየሩ ወደ ኋለኛው ክፍል የሚደርሰው አስቀድሞ ሞቆ ስለሆነ እጥፍ ውፍረት እጥፍ ቅዝቃዜ አይሰጥም። ኬዝ ሲለካ የፋኑ 25 ሚሊሜትርም መደመር አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ክንፍና ፋን

በአንድ ኢንች 10 ያህል ክንፍ ያለው ራዲያተር አየር በቀላሉ ስለሚያሳልፍ በዝግታ ለሚዞር ፋን ይስማማል። 20 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ግፊት ይጠይቃል፣ አቧራም ቶሎ ይደፍነዋል። በፋን ካርቶን ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን የሚለካው ፊቱ ላይ ምንም መሰናክል ሳይኖር ነው፤ ለራዲያተር ይበልጥ የሚጠቅመው ስታቲክ ግፊት የሚባለው ቁጥር ነው። የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ እጥፍ፣ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ የሚወስደው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሦስት ፋኖችን በዝግታ ማዞር አንዱን ከማስጮህ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ የሚያሳልፈው የአየር ይዘት ባይቀንስም ክብደቱ ስለሚቀንስ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል።

ብረትና አቀማመጥ

ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ስለዚህ በእጅ በሚገጠም ሥርዓት የመዳብ ራዲያተር ይመረጣል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ቦታ ስለሚሰበሰብ ፓምፑ ከራዲያተሩ አናት በላይ መቀመጥ የለበትም፤ አየር የገባበት ፓምፕ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል።