ወፍጮ፣ እንስራና የሴቶች አጥንት በምዕራብ ጎጃም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የሴቶች የዕለት ሥራ ለረጅም ዘመን አጥንትን የሚያሠራ ብርቱ እንቅስቃሴ ነበር። የሞተር ወፍጮ ከመስፋፋቱ በፊት እህል የሚፈጨው በድንጋይ ነበር፤ ፈጪዋ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ወደፊት ስትገፋና ስትመልስ ክንዷ፣ ትከሻዋና ጀርባዋ አብረው ይሠራሉ። በሙቀጫ መውቀጥ፣ እንስራ አዝሎ ዳገት መውጣትና እንጨት መሸከምም ነበረ።

ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ቅርጹን እንደሚያስተካክል ጽፏል፤ በዚህ መሠረት እንዲህ ያለው ሥራ አጥንትን ያጠነክራል። ሆኖም የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት ከሚገነባው በላይ እየፈረሰ ይሳሳል፤ አከርካሪ፣ ዳሌና የእጅ አንጓም ለስብራት ይጋለጣሉ።

የድሮው ሥራ ግን ልክ አልነበረውም። ከባድ ሸክም ወገብን ይጎዳል፤ ምግብ ካነሰ ደግሞ አካል ያወጣውን ጉልበት አይተካም። ወፍጮ ቤትና የቧንቧ ውኃ ሴቶችን ከዚህ ጫና ሲያሳርፉ እንቅስቃሴውንም አብረው ቀነሱት።

ዛሬ የሚመከረው ልኩን የጠበቀ እንቅስቃሴ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ለአረጋውያን ደግሞ መውደቅን የሚከላከል የሚዛን ልምምድ። አጥንቷ የሳሳ ሴት ከባድ ነገር ጎንበስ ብላ ከማንሳት መቆጠብና አስቀድማ ባለሙያ ማማከር ይኖርባታል።