ቅድመ ግቢ ጉባኤና የምዕራፍ ዕቅዱ

ግቢ ጉባኤ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ቃለ እግዚአብሔር የሚማሩበት ጉባኤ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በዚህ አገልግሎት ይታወቃል። ቅድመ ግቢ ጉባኤ ደግሞ ተማሪዎቹ ወደ ተቋማቱ ከመግባታቸው አስቀድሞ በአጥቢያቸው የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት ነው።

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ ወይም ከጀሞ ተነሥቶ ጅማ ወይም ባሕር ዳር የሚመደብ ወጣት ከወላጆቹም ከንስሐ አባቱም በአንድ ቀን ይርቃል። መምህራን ሁሉ በየራሳቸው ምርጫ ብቻ ቢያስተምሩ፣ አንዱ ተማሪ ምሥጢረ ሥላሴን ደጋግሞ ሲማር ሌላው ስለ ንስሐ ሳይሰማ ይሄዳል። ስለዚህ አጥቢያዎች በአንድ የምዕራፍ ዕቅድ ሊመሩ ይገባል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ዓላማ፣ ይዘት፣ የተመደበ ሰዓት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃና የመመዘኛ ጥያቄ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ምዕራፎቹም፦
1. አምስቱ አዕማደ ምሥጢር፤
2. ንስሐና ቅዱስ ቁርባን፤
3. ስለ እምነት ለሚጠይቁ በየዋህነት መልስ መስጠት (1ኛ ጴጥ. 3፥15)፤
4. ጸሎት፣ ጾምና የጊዜ አጠቃቀም በግቢ ሕይወት።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በሐምሌ ሲጠናቀቅ፣ ከነሐሴ 1 የሚጀምረው ጾመ ፍልሰታ ለትምህርቱ የተመቸ ወቅት ነው። የዕቅዱ ፍሬ የሚታወቀው ግን ተማሪው በተመደበበት ከተማ በመጀመሪያው ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ሲገኝ ነው።