ፕሮፊላክሲስ

ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ አስቀድሞ መጠበቅ ማለት ነው። በጊዳ አያና ክንዱን እሳት የጎዳው ሰው ቆዳ እንዲተከልለት ወደ ነቀምቴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ተላከ እንበል። ሐኪሙ ከጭን ስስ ቆዳ ልጦ ቁስሉን ያለብሳል። ቢላው ቆዳ ከመንካቱ በፊት በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ነው ፕሮፊላክሲስ የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ፣ ካስፈለገ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥ፣ ከዚያ በኋላ አይቀጥል ይላል። ለንጹሕ ቁስል፣ በቀጠሮ ለሚሠራ ተከላ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ራሱ ያከራክራል። ኢንፌክሽን ሳይኖር «ለጥንቃቄ» ተብሎ ለሳምንት የሚዋጠው ኪኒን ግን ፕሮፊላክሲስም ሕክምናም አይደለም፤ ተሕዋሲውን መድኃኒት ማላመድ ነው። ከታዘዘልዎ ምክንያቱን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን ከፋርማሲ አይግዙ።