አስተላላፊ እና ከልካይ

“ኮንዳክተር” የኤሌክትሪክ ጅረት በቀላሉ የሚያልፍበት ቁስ ነው፤ በአማርኛ “አስተላላፊ” እንለዋለን። “ኢንሱሌተር” ደግሞ ጅረቱን የሚያግድ ቁስ ነው። ለዚህኛው “ኢ-አስተላላፊ” የሚለው አቻ ቢኖርም እኔ “ከልካይ”ን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ቁሱ የማይሠራውን ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን የሚሠራውን። ሽቦን የሸፈነው ፕላስቲክ ጅረቱ ወደ እጃችን እንዳይደርስ ይከለክላልና ልጆች ይህን ሥራውን ከስሙ ቢረዱት መልካም ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከኤሌክትሮኖች ነው። በመዳብ፣ በአሉሚኒየምና በብረት ውስጥ ከአንድ አቶም ጋር ያልታሰሩ፣ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። በጎማ፣ በብርጭቆና በፕላስቲክ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ በየአቶማቸው ዘንድ ጠብቀው ተይዘዋል።

ይህ ልዩነት የታወቀውም በሙከራ ነው። እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1729 ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ረጅም ገመድ በሐር ክር አንጠልጥሎ ይሞክር ነበር። ሐሩን በቀጭን የናስ ሽቦ ሲተካው ኤሌክትሪኩ በሽቦው በኩል አመለጠ። ወሳኙ ነገር የማንጠልጠያው ቅጥነት ሳይሆን የተሠራበት ቁስ መሆኑን ያኔ ተረዳ።

ልጆችም በዚሁ መንገድ መማር ይችላሉ። ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና ሦስት ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ድንጋዮቹንና አምፖሉን በሽቦ አገናኝተው ዑደቱን አንድ ቦታ ላይ ክፍት ይተዉት። በክፍተቱ መካከል ምስማር፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ላጲስ፣ የደረቀ እንጨትና የፕላስቲክ ማንኪያ በየተራ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ግን “ይበራል ወይስ አይበራም?” ተብለው ግምታቸውን ይጻፉ። ግምቱ ሲከሽፍ ጥያቄ ይወለዳል፤ ትምህርቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ቀለም የተቀባ ብረት አምፖሉን ካላበራ ቀለሙን ፍቀው እንደገና ይሞክሩ። በሁለት ጫፉ የተቀረጸ እርሳስም ያስገርማቸዋል፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት ብረት ሳይሆን ያስተላልፋል፤ አምፖሉ ግን ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊያስረዳው የሚገባ ትልቅ ቁም ነገር አለ። አስተላላፊነት የመጠን ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውኃ በዚህ ሙከራ አምፖሉን አያበራ ይሆናል፤ ሆኖም የሟሟ ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሰው አካልም እንዲሁ። 3 ቮልት ሊገፋው ያልቻለውን ጅረት የቤታችን 220 ቮልት ይገፋዋል፤ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ልጆቹ “ውኃ ከልካይ ነው” ብለው እንዳይደመድሙ፣ ይልቁንም “በዚህ ድንጋይ አምፖሉ አልበራም” ብለው እንዲጽፉ እናስተምራቸው። ሙከራው ሁልጊዜ በድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ወደ ሶኬት ፈጽሞ አይጠጉ።