የሠራተኛ ሕግ ጥንካሬ መለኪያዎች

የሠራተኛ ሕግ ጥንካሬ መለኪያዎች የአገሮችን የሥራ ሕግ በጥያቄ ዘርዝረው፣ መልሱን ወደ ነጥብ ለውጠው የሚያነጻጽሩ ሰንጠረዦች ናቸው። አሠሪ ሠራተኛውን ሲያሰናብት ምክንያት ማቅረብ አለበት ወይ? የማስጠንቀቂያ ጊዜውና የስንብት ክፍያው ስንት ነው? የሥራ ማቆም አድማ ይፈቀዳል ወይ? ዋነኞቹ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ኦኢሲዲ፣ የአባል አገሮቹን የስንብት ሕግ ከ0 እስከ 6 ባለ ሚዛን ይመዝናል፤ መረጃው ከ1985 ይጀምራል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሠራተኛ ማሰናበት ይከብዳል። በአብዛኞቹ ግዛቶቿ አሠሪው ያለ ምክንያት ማሰናበት የሚችልባት አሜሪካ ቦታዋ ከግርጌው ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው መለኪያ በበኩሉ 117 አገሮችን በ40 መስፈርቶች ይመዝናል። ብልጫው ከ1970 አንሥቶ የሕጉን ለውጥ ዓመት በዓመት መከታተሉና ከአዋጅ ውጭ ያለውን፣ ለምሳሌ የኅብረት ስምምነትን፣ መቁጠሩ ነው።

ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሣው ግን የዓለም ባንክ ነው። «ዱዊንግ ቢዝነስ» በተባለው ዘገባው መቅጠርና ማሰናበት የቀለለበት አገር የተሻለ ደረጃ ያገኝ ነበር። ካምብሪጅ ጥበቃ ብሎ ነጥብ የሚሰጠውን አንቀጽ ባንኩ ሸክም ብሎ ይቀንስበት ነበር ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበራትና የዓለም የሥራ ድርጅት አጥብቀው ስለተቹት የመቅጠርና የማሰናበት መለኪያው ከደረጃ ምደባው ወጣ፤ ዘገባው ራሱ በመረጃ መዛባት ምክንያት በ2021 ተቋረጠ። ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከ2014 ጀምሮ በሚያወጣው ሰንጠረዥ የመብት ጥሰትንም ይቆጥራል፤ አዋጁ ያማረ አገርም ዝቅ ሊል ይችላል።

ነጥብ አሰጣጡ ራሱ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርጓል፤ እነዚህን ማንም በቀላሉ ይመዘግባቸዋል። ዝቅተኛ ደመወዝን በተመለከተ ግን አዋጁ የደመወዝ ቦርድን ያነሣል እንጂ መጠኑን አይቆርጥም። ነጥብ ሰጪው ለዚህ አንቀጽ 1 ይስጥ ወይስ 0?

ሌላው ክፍተት የሚመዘነው ሠራተኛ ማንነት ነው። የዓለም ባንክ በኋለኞቹ ዘገባዎቹ አገርን ሁሉ የመዘነው 60 ሠራተኞች ባሉት ሱፐርማርኬት ውስጥ በምትሠራ የ19 ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ነበር። የቤት ሠራተኛ በዚህ ምሳሌ አትታይም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚሠሩባት ሊባኖስ በ1946 ሕጓ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ታስወጣለች። ኩዌት በተቃራኒው በ2015 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ ቁጥር 68ን አወጣች፤ የሳምንት ዕረፍትንና የ30 ቀን የዓመት ፈቃድን የያዘ ነው። ዋናውን የሥራ ሕግ ብቻ የሚያነብ መለኪያ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት አያገኘውም።