መብራት ሲጠፋ ምን ይሞታል?

ከመካከላችን አንዱ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፡፡ የሥራ ቦታውን አንጠራም፤ እሱም እንድንጠራ አይፈልግም፡፡ በቀደም ቡና ላይ ያጫወተን ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነን፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ቅዳሜና እሁድን መብራት ጠፍቶ ከረመ፡፡ ጄኔሬተሩም አልተነሳም፡፡ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ መብራቱ ተመልሷል፤ ፍሪዘሩ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ ትንንሾቹ ብልቃጦች በሳጥናቸው ተደርድረዋል፡፡ በውስጣቸው ያለው ጠብታ ዓርብ ዕለት እንደነበረው ውኃ የመሰለ ነው፡፡ ምርመራው ተጀመረ፡፡ ውጤቱ ሲወጣ ሁሉም “ኔጌቲቭ” ሆነ፡፡ የምሥራች ይመስላል፡፡ ችግሩ፣ በሽታው እንዳለበት እየታወቀ ለማነጻጸሪያ የገባው ናሙናም “የለበትም” ማለቱ ነው፡፡

በሽታው አልሞተም፡፡ የሞተው መርማሪው ነው፡፡

ያ የማነጻጸሪያ ናሙና ባይኖር ኖሮ በዚያ ቀን ስንት ሰው “ነጻ ነህ” ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኝ ነበር? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ሄድን፡፡ ለመሆኑ በብልቃጡ ውስጥ ያለው “ሠራተኛ” ማን ነው? ሰዎችስ እሱን ሳይበላሽ ለማቆየት ምን ያላደረጉት ነገር አለ?

ከእናቶቻችን ጓዳ

ሠራተኛው ኤንዛይም ይባላል፡፡ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1876 የፈጠረው ቪልሄልም ኩኔ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በግሪክኛ ሲተነተን “እርሾ ውስጥ ያለ” እንደማለት ነው፡፡ እንግዲህ በየቤቱ ሊጥ አቡክተው እርሾ ለሚጨምሩ ሰዎች ነገሩ ባዕድ አይደለም ማለት ነው፡፡

የመጀመሪያው ኤንዛይም የተለየው ደግሞ ከዚህ ስም 43 ዓመት ቀድሞ፣ እኛው ከምናውቀው ነገር ነው፤ ከብቅል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1833 አንሰልም ፓየን እና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የበቀለ ገብስን በውኃ ዘፈዘፉ፤ ውኃውን አጥልለው አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ፡፡ ይህ ዝቃጭ ስታርችን ወደ ስኳር ይለውጣል፡፡ ስሙንም “ዲያስቴዝ” አሉት፡፡ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ከተፈላ ደግሞ ጨርሶ ሥራውን ያቆማል፡፡ ስለዚህ አደረቁት፡፡

ጠላ ስትጠነስስ ያየናት እናት ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፡፡ ለአሻሮው ገብሱን ትቆላለች፤ ብቅሉን ግን አትቆላም፡፡ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና ካበቀለችው በኋላ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፡፡ ለምን እንደማትቆላው ብትጠይቋት “ኧረ ይበላሻል!” ትላችኋለች፡፡ ትክክል ናት፡፡ ኤንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ ልዩ ቅርጽ የያዘ ረጅም ክር ማለት ነው፡፡ ሥራው ያለው ቅርጹ ላይ ነው፡፡ ኃይለኛ ሙቀት ቅርጹን ይፈታዋል፡፡ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ እሱም በአብዛኛው አይመለስም፡፡ በፀሐይ የደረቀ ብቅል ግን ያለ ፍሪጅ ወራት ጠብቆ፣ ውኃ ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል፡፡

ይህን ነጥብ ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፡፡

ጭማቂው እንዳይበላሽ የተጨመረው ስኳር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ትልቅ ክርክር ነበር፡፡ ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠው ሕይወት ያለው እርሾ ነው ወይስ በውስጡ ያለ ኬሚካል? ታላቁ ሉዊ ፓስተር ያለ ሕያው ሴል መብላላት የለም ብሎ ቆሞ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሞትም ክርክሩ አልተዘጋም፡፡

የዘጋው የማቆየት ችግር ነው፡፡ ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1896 ሙኒክ ውስጥ፣ በወንድሙ በሐንስ ላብራቶሪ ይሠራ ነበር፡፡ የተፈለገው ከእርሾ የሚጨመቅ ፈሳሽ ለሕክምና ይጠቅም እንደሆን ማየት ነው፡፡ እርሾውን ከአሸዋ ጋር ፈጭተው ጨመቁት፡፡ ጭማቂው ግን ቶሎ ይበላሽ ጀመር፡፡ ምን ይደረግ? ማርመላታ ሲሠራ እንደሚደረገው ብዙ ስኳር ጨመሩበት፡፡

ስኳሩ እንዲያቆየው የተጨመረው ጭማቂ አረፋ ይደፍቅ ገባ፡፡ አንድም ሕያው ሴል የሌለበት ፈሳሽ ስኳሩን እያብላላው ነበር! ቡክነር ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1897 አሳተመ፤ በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ፡፡ ባዮኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት አንዱ የልደት ቀኑ ይህ ነው ይባላል፡፡ ልብ በሉ፤ ያንን ቀን ያመጣው “ይህ ነገር ሳይበላሽ እንዴት ይደር?” የሚል ተራ የጓዳ ጥያቄ ነው፡፡

የመስኮቱ ደፍ

ቀጥሎ የምናገኘው ጄምስ ሳምነር ነው፡፡ አሜሪካዊ ነው፡፡ በ17 ዓመቱ በአደን አደጋ ግራ እጁን አጥቷል፤ ያውም ግራኝ ሆኖ ሳለ፡፡ አንድ እጅ ላለው ሰው ኬሚስትሪ አይሆንም ቢሉትም አልሰማም፡፡ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ዩሪየዝ የተባለውን ኤንዛይም ከባቄላ ዘመድ ከሆነ ፍሬ ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ዘጠኝ ዓመት ለፋ፡፡

ለዚህ ሥራ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፡፡ ላብራቶሪው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበረዶ ሳጥን እንኳ አልነበረውም፡፡ ሳምነር ብልቃጦቹን መስኮት ደፍ ላይ እያሳደረ የሌሊቱን ብርድ ይጠባበቅ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1926 የዩሪየዝን ክሪስታል በዓይኑ አየ፤ ኤንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም አሳየ፡፡ የአውሮፓ ሊቃውንት ለዓመታት አላመኑትም፡፡ በ1930 ጆን ኖርትሮፕ ፔፕሲንን በተመሳሳይ መንገድ ሲያወጣ ነገሩ መለወጥ ጀመረ፤ በ1946 ሁለቱም ከዌንደል ስታንሊ ጋር ኖቤል ተካፈሉ፡፡ ዩሪየዝ ዛሬም የኩላሊትን ጤና ለማወቅ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪያ ለመለካት ያገለግላል፡፡

እኛን የሚገርመን መስኮቱ ነው፡፡ የዛሬው ሀብታም ሳይንስ አንድ ወቅት እንደኛው በእጁ ባለው ነገር ይሠራ ነበር፡፡ በእጁ የነበረው ግን ብርድ ነበር፡፡ ቀስ በቀስ መስኮቱ ፍሪጅ ሆነ፤ ፍሪጁ ፍሪዘር ሆነ፤ የዓለም ላብራቶሪ ሁሉ በቅዝቃዜ ላይ ተገነባ፡፡

የብልቃጡ ውስጥ ምስጢር

ቅዝቃዜ ብቻውን ግን አይበቃም፡፡ ውኃ በረዶ ሲሆን በውስጡ ያለው ጨው ወደ ቀረችው ጥቂት ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የአሲዱም መጠን ይዛባል፤ ኤንዛይሙ ይጎዳል፡፡ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ሲመላለስማ የባሰ ነው፡፡ መፍትሔው ግሊሰሮል ሆነ፡፡ ግማሽ በግማሽ ግሊሰሮል ያለበት መፍትሔ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፡፡ በየላብራቶሪው ያሉት የኤንዛይም ብልቃጦች ወፈር ብለው የሚታዩት ለዚህ ነው፡፡

ሌሎች ጠላቶችም አሉ፡፡ በጣም የቀጠነ ኤንዛይም በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ከከብት ደም የሚገኝ አልቡሚን የተባለ ርካሽ ፕሮቲን ይጨመርለታል፤ ግድግዳውን እሱ ይያዝለት ተብሎ፡፡ ብረት ነክ ቅንጣቶችን የሚይዝ፣ ኦክሲጅን እንዳይጎዳው የሚከላከል፣ አሲዱን የሚያመጣጥን ይታከላል፡፡ መነቅነቅና ማስረፋትም ክልክል ነው፡፡ በትንንሹ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አንዱን ለማውጣት ሁሉም እንዳይቀልጥ፡፡ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሠራው ታዲያ ፍሪዘሩ እስከሠራ ድረስ ነው፡፡

ከፍል ውኃ የመጣው

እ.ኤ.አ. በ1983 ኬሪ ሙሊስ ዘረመልን በማሽን የማባዛት ሐሳብ መጣለት፤ ፒሲአር የምንለው ነው፡፡ ሐሳቡ አንድ እንከን ነበረው፡፡ በየዙሩ ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ያኔ የሚያባዛው ኤንዛይም ይሞታል፡፡ ስለዚህ በየዙሩ ቆመው አዲስ ኤንዛይም ይጨምሩ ነበር፡፡

መልሱ ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክ ከተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ፡፡ “ፍል ውኃ ውስጥ ማን ይኖራል?” ብሎ ከመጠየቅ በቀር ሌላ ጥቅም አላሰቡም፡፡ በ1976 አሊስ ቺየንና ባልደረቦቿ ከዚህ ባክቴሪያ ሙቀት የማይበግረውን ኤንዛይም ለዩ፡፡ በ95 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንኳ ግማሽ ኃይሉ አለ፡፡ በ1988 ከፒሲአር ጋር ተጣምሮ ሲታተም ዓለም ተለወጠ፡፡

ይሁንና ይህ ጀግናም አብዛኛውን ጊዜ የሚላከውና የሚቀመጠው በግሊሰሮል፣ በፍሪዘር ነው፡፡ በኮሮና ምርመራ ላይ ደግሞ የቫይረሱን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ሌላ ኤንዛይም ይታከላል፤ እሱም ብርዱን ይፈልጋል፡፡ አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የተወሰዱት ናሙናዎች ለምርመራ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልከዋል፡፡ አገር ውስጥ መመርመር የተጀመረው በፌብሩዋሪ ነው፡፡ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር ቢያንስ መመርመሪያው እዚሁ ነበር፡፡

ወደ ብቅሉ ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ1992 ካሚሎ ኮላሶና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ፡፡ ለዘረመል ሥራ የሚያገለግሉ፣ ያለ ፍሪዘር የማይሆኑ ኤንዛይሞችን ትሬሃሎዝ ከተባለ ስኳር ጋር አደረቋቸው፡፡ ከዚያ በኋላ ኤንዛይሞቹ በሞቃት ቦታ ተቀምጠውም አልሞቱም፡፡ ትሬሃሎዝ በበጋ ደርቀው ዝናብ ሲመጣ የሚነሱ አንዳንድ ፍጥረታት የሚጠቀሙበት ስኳር ነው፡፡ ውኃው ሲለቅ የኤንዛይሙን ቅርጽ ይዞ ይጠብቃል፡፡

እነሆ! የቡክነር ስኳር እና የእናቶቻችን ማድረቅ በአንድ ብልቃጥ ተገናኙ፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2010 የደገፈው፣ በአገራችንም ሳንባ ነቀርሳን የሚመረምረው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የቆመው በዚሁ በማድረቅ ጥበብ ላይ ነው፡፡ ኤንዛይሞቹ በካርትሪጁ ውስጥ ደርቀው፣ እንደ ትንሽ ዶቃ ተድቦልቡለው ይመጣሉ፡፡ ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ይቀመጣሉ፤ ፍሪዘር አይጠይቁም፡፡ ውጤቱም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፡፡ ራሱ ካርትሪጁም ምርመራው በትክክል መካሄዱን የሚያረጋግጥ መቆጣጠሪያ ስላለው የሞተ ኤንዛይም በዝምታ “በሽታ የለም” እንዳይል ይጠብቃል፡፡

ደስታችንን ግን አናብዛው፡፡ ማሽኑ ራሱ መብራት ይፈልጋል፡፡ 28 ዲግሪ ደግሞ ለአዲስ አበባ ቀላል ነው፤ ለጋምቤላና ለአፋር ቀትር ግን ቅንጦት ነው፡፡ ማነው ቁጥሩን 28 ላይ ያቆመው? የሙቀት ገደብ ተፈጥሮ ብቻ አይወስነውም፤ መሣሪያው ሲነደፍ የማን ቀትር ታሰበ የሚለውም ይወስነዋል፡፡

እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ይህን ነው፡፡ ቅዝቃዜ አንድ መንገድ ነው፤ ብቸኛው መንገድ አይደለም፡፡ ብርድ የነበራቸው በብርድ ሠሩ፡፡ ፀሐይ ያላቸው ደግሞ ከፓየንና ከፐርሶ በፊት ማድረቅን ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቁም፤ ወይም ጠይቀው አልጻፉትም፡፡ መብራት እንዳይጠፋ መጮኹ ትክክል ነው፤ እንጮሃለን፡፡ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ ያለ አንድ ተማሪ ግን ስለ ፍሪዘር ከማማረር ጎን ለጎን “እዚሁ፣ በዚሁ ሙቀት፣ ደርቆ የሚቆይ ምርመራ እንዴት ይሠራል?” ብሎ ቢነሳ መነሻው በእናቱ ጓዳ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል፡፡

ጓደኛችን በዚያች ሰኞ ምርመራውን ሁሉ እንደገና ሠራ፡፡ በአዲስ ኤንዛይም፣ አዲስ ውጤት ወጣ፡፡ ሁሉም “ኔጌቲቭ” አልነበሩም፡፡