ከመርዙ ይልቅ ክዳኑ

አይጥን ሳያሠቃዩ ከቤት ማራቅ ሲባል ብዙ ሰው የጠገበ አገር ቅንጦት ይመስለዋል። እህሉ የተበላበት ገበሬ ወይም ልጁ በተኛበት የተነከሰበት አባወራ ለአይጥ የሚራራበት ምን ምክንያት አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለፈው ክፍለ ዘመን የአይጥ ዘመቻዎች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መግደልን ዋና ዘዴያቸው ያደረጉ ከተሞች አይጡን አላጠፉም፤ ምግቡንና መግቢያውን የዘጉት ደግሞ መራራትን ባያስቡትም ራርተዋል።

ፈረንሳዮች ይገዟት የነበረችውን ሃኖይን እንመልከት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅኝ ገዢዎቹ ለሰፈራቸው ዘመናዊ የፍሳሽ ቱቦ ዘርግተው ነበር፤ ቱቦው ጨለማና ጠላት የማይደርስበት ስለሆነ አይጥ ተራባበት። በ1902 ቅጥር አዳኞች ወደ ቱቦው ተላኩ፤ በሰኔ ወር በአንድ ቀን ብቻ ከ20,000 በላይ አይጥ የተገደለበት ጊዜም ነበር። ቁጥሩ አልቀነሰም። ቀጥሎ ለሕዝቡ በጅራት ልክ ገንዘብ ይከፈል ጀመር፤ ሹማምንቱ የሬሳ ክምር ስላልፈለጉ ጅራቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጅራተ ቆራጣ አይጦች በከተማው ሲሯሯጡ ታዩ፤ አዳኙ ጅራቷን ቆርጦ የሚለቃት እንድትወልድለት ነበር። በከተማው ዳርቻም አይጥ የሚረባባቸው ቦታዎች ሲገኙ ክፍያው ቀረ። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለሰው ተንኮል ማሳያ ነው። የሚገርመው ግን ከክፍያው በፊት ያለው ክፍል ይመስለኛል፤ ማንም ሳያጭበረብር፣ በቀን በሺህ እየተገደለ፣ ቱቦው እንደሞላ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከርት ሪክተር የተባለ ተመራማሪ የአይጦችን የጣዕም ስሜት ሲያጠና የቀመሱት ኬሚካል ገደላቸው፤ ከዚያው ወገን ከሆኑ ውህዶችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንቱ የተባለው መርዝ ወጣ። መርዙ በድሆች ሰፈር ጓሮዎች ተበተነ፤ አይጥ አለቀ፤ ከወራት በኋላ ተመለሰ። በዚያው ከተማ ዴቪድ ዴቪስና ባልደረቦቹ አንዱን የቤቶች ክልል ከሌላው እያነጻጸሩ አይጦቹን ሲቆጥሩ ነገሩ ተገለጠ። አንድ ክልል ስንት አይጥ እንደሚይዝ የሚወስነው የሚገኘው ምግብና መሸሸጊያ ነው። ግማሹ ሲገደል ለተረፈው ድርሻው ይሰፋለታል፤ የእንስቷ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሆነ ባዶው ቦታ ቶሎ ይሞላል። ክፍቱ የቆሻሻ በርሜል ሲከደን፣ የተቆለለው እንጨት ሲነሣ፣ የፈረሰው አጥር ሲጠገን ግን ቁጥሩ ይወርዳል፤ እንደወረደም ይቆያል። በ1948 ለሽያጭ የወጣው ዋርፋሪን የተባለው መርዝም ይህን ሕግ አልሻረውም። ደም እንዳይረጋ አድርጎ በቀናት ውስጥ በውስጥ መድማት ይገድላል፤ በ1958 ግን የማይበግራቸው አይጦች በስኮትላንድ ተገኙ።

ቸነፈር ሲገባስ? በርሜል እስኪከደን ይጠበቃል? ይህ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቸነፈር ሲመለስባት ዘመቻውን የመራው ሐኪም ሩፐርት ብሉ አይጥ በብዛት አስገድሏል፤ ያንን ማውገዝ አይቻልም። ነገር ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 እንዳሳየው በሽታውን ከአይጥ የሚያጋባው ቁንጫ ነው፤ ቁንጫ ደግሞ የቀዘቀዘ ሬሳ ትቶ ሌላ ገላ ይፈልጋል፣ የሰውንም ቢሆን። ስለዚህ ግድያው ብቻውን መድኃኒት አልነበረም። ብሉም የምድር ቤት ወለል በሲሚንቶ እንዲሞላና ቆሻሻ በተከደነ ዕቃ እንዲቀመጥ አስገድዷል።

ሲሚንቶ የሌለውስ ምን ያድርግ የሚል ካለ፣ ዘዴው ከሲሚንቶ በፊት የነበረ ነው። በ1943 በጃፓን ሺዙኦካ የተገኘው የቶሮ የጥንት መንደር ከ1,700 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የእህል ቤቶቹ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ከእግሩ ጫፍ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ሳንቃ ስለሚገባ ወደ ላይ የምትወጣው አይጥ ሳንቃው ሥር ስትደርስ መሄጃ አጥታ ትመለሳለች። የእኛም ጎተራ የዚሁ አሳብ ዘመድ ነው፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ከመሬት ይነሣል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ ክዳን ይደረግለታል። ጉድለቱም እንዳይሸሸግ፦ አይጥ በእንጨት እግር ትወጣለች፣ ምርጉም ሲሰነጠቅ ትገባለች። ሆኖም ለእግሩ የቆርቆሮ ቆብ ማሰርና ስንጥቁን መምረግ በየክረምቱ መርዝ ከመግዛት የሚረክስ ይመስለኛል።

ምግብ የተከለከለች አይጥም ትራባለች፣ ትነካከሳለች፣ ትሰደዳለች፤ ይህስ ርኅራኄ ነው? ፍጹም አይደለም። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው፤ የተከደነው በርሜል ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ እንዳይወለዱ ያደርጋል፣ መርዙ ግን የሚተካውን ትውልድ በየጊዜው እንደ አዲስ ይገድላል። አሁን ቤት ውስጥ ላለችው ግን ሌላ መልስ ያስፈልጋል። ይዞ ሩቅ ሜዳ መልቀቅ ለለቃቂው ኅሊና እንጂ ለአይጧ ብዙም አይጠቅም፤ ጎሬዋንና ምግቧን በማታውቅበት ቦታ ዕድሜዋ አጭር ነው። ሙጫ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ተጣብቃ ለሰዓታት ስትታገል ትቆያለች። እንግሊዝ ከሐምሌ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይጥ በሙጫ መያዝን በሕግ ከልክላለች። ጠንካራ ምንጭ ያለው አንገት ሰባሪ ወጥመድ በየቀኑ እየታየ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የሚቀመጠው ግን እርሳስ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ሁሉ በሽቦና በሲሚንቶ በሚደፈንበት ሳምንት ነው፣ ትንሿ አይጥ በዚያ ታልፋለችና።